ከዳሱ ውስጥ የሰማሁት ዝላይ

የበደለኝ ሰው አቶ ይርዳው ይባላል። ንፋስ መውጫ ውስጥ መጀመሪያ የተመደብሁበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር። የበደለኝ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ ነው፤ ዘመኑም ንጉሡ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ሰባት ዓመት ሲቀራቸው። ሥራ ላይ ሳለሁ «አንቱ» እለው ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አልለውም።

ይህን ለመጻፍ ያስነሳኝ የገዛ ማህደሬ ነው። ጡረታ ስወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ የአገልግሎት ዘመኔን ልታጣራ ወረቀቱን ስታገላብጥ አንዱ ጋ ደርሳ ቆመች።

«እትዬ አስካለ፣ እዚህ ላይ ‹በውድድር ሰዓት ከሥራ ቦታዋ ተለይታ ዳስ ውስጥ ተቀምጣ በመገኘቷ ወደ ወገዳ ተዛውራለች› ይላል። ምንድን ነው እሱ?»

«ያለውን ነው የሚለው» አልኋት።

«ሠርግ ነበር እንዴ?»

ሠርግ አልነበረም። ልጅቷ ሳቀች፣ ወረቀቱን ገለበጠች፣ ወደሚቀጥለው አለፈች። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ምሳ መብላት አቃተኝ። ያን ሁሉ ዘመን ካገለገልሁ በኋላ ከእኔ የሚቀረው «ዳስ ውስጥ ተቀምጣ» የሚለው ከሆነ፣ ዳሱ ውስጥ ማን እንዳስቀመጠኝም መጻፍ አለበት።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነበርሁ። የማስተምረው ብዙ ነው፣ ሩጫም ኳስም፤ የምታወቀውና የተቀጣሁት ግን በምርኩዝ ዝላይ ነው። ላላየው ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሯጩ ረጅም ቀርከሃ ይዞ ይንደረደራል፣ የቀርከሃውን ጫፍ መሬት ላይ ከተቀበረ የእንጨት ገንዳ ውስጥ ይተክላል፣ ተንጠልጥሎ ይነሳል፣ እግሩን ወደ ሰማይ ይሰዳል፣ በሁለት ቋሚ ላይ ከተጋደመው አግዳሚ በላይ ሲደርስ ቀርከሃውን ገፍቶ ይለቅና ማዶ ይወድቃል። አራት አምስት ነገር ነው። አንዱን ከስሩ አበላሽቶ የለመደ ሰው ግን ያን አንዱን ለማስተው ዓመት ይፈጃል።

እኔ የተማርሁት ከባሻ ተገኝ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛው ለሴቶች የተመደበልን ባልትናና የእጅ ሥራ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጥልፌን ይዤ ሜዳው ዳር እቀመጥና ወንዶቹ ሲዘሉ አያለሁ። ባሻ ተገኝ ከጦር ሠራዊት የወጡ፣ አጭርና ደረቅ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ወደ እኔ መጡ።

«አንቺ፣ የምትጠልፊውን ትተሽ ምን ታያለሽ?»

«የዚያ የረጅሙ ልጅ የመጨረሻ እርምጃው ትረዝማለች፤ ለዚህ ነው ሲተክል የሚንገዳገደው» አልኋቸው።

«ስንት ጊዜ ረዘመች?»

«ሦስቴ።»

«ነገም ነይ» ብለው ሄዱ። በዚህ ተቀጠርሁ ማለት ይቻላል።

ባሻ ሦስት ልማድ ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት ከተማሪዎቹ በፊት እያንዳንዱን ቀርከሃ ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድመው ራሳቸው ይንጠለጠሉበታል፤ ከተንጣጣ ለአጥር ነው። ሯጩ ሲንደረደር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ዓይን ይዋሻል፣ እግር አይዋሽም» ይሉኝ ነበር። የእርምጃውን ድምፅ ብቻ ሰምተው፣ አንዲት እርምጃ ብትረዝም፣ ገና ሳይዘል «ተመለስ» ይሉታል። ሦስተኛው ልማዳቸው አስቂኝ ነበር። ሯጩ ቀርከሃውን ሊተክል ሲቃረብ አንድ ጭብጥ የሽምብራ ቆሎ አፋቸው ውስጥ ይሞጅራሉ። ልጁ ተነስቶ፣ ተሻግሮ፣ ወድቆ እስኪነሳ ያኝካሉ፤ አንዲት ቃል አይወጣቸውም። እኛ ሆዳም ናቸው እያልን እንስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ። አንድ ቀን ለምን አሁን አይነግሩትም፣ አየር ላይ ሳለ አይሻልም ወይ አልኋቸው። አኝከው እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

«ሦስት ጊዜ ካላጠፋ ልማድ አይደለም፤ አትንኪው። ሦስት ጊዜ ካጠፋ መሬት ላይ ንገሪው» አሉ። ከዚህ በላይ አላብራሩልኝም። ቢያብራሩልኝ ምን ነበረበት እላለሁ እስከ ዛሬ።

ንፋስ መውጫ ስደርስ ደብዳቤዬ የሚለው ባልትና ነው። ስፖርቱን የሚይዝ ወንድ ስለጠፋ፣ ለአንድ ወር ተብሎ በደሞዜ ላይ ምንም ሳይጨመር ተሰጠኝ፤ ወሩም አላልቅ አለ። ቀርከሃ ከአገው ምድር በነጋዴ አስመጣሁ። አግዳሚውን ከሸምበቆ አደረግሁት፣ ቢመታም እንዳይጎዳ። ማረፊያው ጭድ ነው፤ አውድማ በሚነሳበት ሰሞን ተማሪዎቹ ከየቤታቸው አንድ አንድ ሸክም የገብስ ጭድ ያመጡ ነበር። ነፋሱ ግን አገሩ ነውና ከረፋዱ በኋላ ሸምበቆውንም ጭዱንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋት ብቻ ነበር የምናዘልለው።

የጋይንት ወንድ ከዱላ ጋር ነው የሚያድገው። ይህ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር። ምንኛ ተሳሳትሁ። ቀርከሃውን ሲሰጧቸው ሁሉም እንደ ዱላ ያዙት። ዱላ ይዘው ቦይ መሻገር ስለለመዱ በጎናቸው ይተክሉታል፣ ከራሳቸው በላይ አያነሱትም። ይህን በሁለት ወር አስተውኋቸው። ቀርከሃውን ይዘው እንዲራመዱ ብቻ አደረግሁ፤ ዝላይ የለም፣ ሩጫ የለም፣ መራመድ፣ በሦስተኛው እርምጃ እጅን ከግንባር በላይ ማንሳት። ሰፈርተኛው አጥር ላይ ተሰልፎ ይስቅ ነበር። «እነዚህ ልጆች ማንን ነው የሚሸኙት?» ይላሉ።

ያልለቀቃቸው ሌላው ልማድ ነው። ወንድ ልጅ ዱላውን አይጥልም። ገበያ ላይ፣ ጠብ ላይ፣ ወንዝ ላይ ዱላው ከእጁ ከወደቀ ዓመት ሙሉ ይሳቅበታል። የእኔ ተማሪዎች አግዳሚው ድረስ አሳምረው ይደርሳሉ፣ እግራቸው ያልፋል፣ ሆዳቸው ያልፋል፤ እጃቸው ግን ቀርከሃውን እንዳነቀ ይቀራል። ከዚያ ቀርከሃውም ሸምበቆውም ልጁም አንድ ላይ ጭዱ ላይ ይወርዳሉ። ልቀቁ ስላቸው «እሺ እትዬ» ይላሉ፣ ተመልሰው ዘለው ይዘውት ይወርዳሉ።

ከሁሉም የሚሻለው ሙላት ነበር። ስምንተኛ ክፍል፣ ዕድሜው ግን ሃያ ሊሆነው ምንም አልቀረው፤ ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ነው። አባቱ አያ ደሴ ያን ዓመት ብቻ ነው የፈቀዱለት። በአውራጃው ውድድር ያሸነፈ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ይሄዳል፣ እዚያ የታየውን ሠራዊቱ ለስፖርት ቡድኑ ይወስደዋል፣ እየዘለለም ትምህርቱን ይጨርሳል። ካላሸነፈ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። አያ ደሴ ይህን ለማስረዳት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ነበር። ልጃቸው ሲዘል አንድ ጊዜ ቆመው አዩ።

«እመቤቴ፣ ከእንጨቱ ማዶ ምን አለ?»

«ምንም የለም፣ ጭድ ነው።»

«ጭዱን ከፈለገው እኛ ቤት ሞልቶ የለም?»

«ጭዱን አይደለም አያ ደሴ። ከፍታውን ነው።»

«ታዲያ ማዶው ምንም ከሌለው በሥሩ ቢያልፍስ?» አሉ። ሙላት አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሽማግሌው ግን እየቀለዱ አልነበረም።

ሙላትን ቀርከሃ ያስለቀቅሁት በጩኸት ነው። ተሰላችቼ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። አንድ ጠዋት እግሩ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ሆዱ አግዳሚውን ሲያልፍ፣ ሳላስበው «ልቀቅ!» ብዬ ጮኽሁ። ደነገጠና ለቀቀ። ቀርከሃው ወደ ኋላ ወደቀ፣ እሱ ማዶ ጭዱ ላይ በጀርባው ተዘረጋ፣ ሸምበቆው ከቦታው አልተነቃነቀም። ተነስቶ እጁን እያየ «እትዬ፣ ወደቀ» አለኝ። «ይውደቅ፤ ደግመህ ዝለል» አልሁት። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ዝላይ በእኔ ድምፅ ለቀቀ። በየሳምንቱ አግዳሚውን አንድ ጣት ከፍ እናደርጋለን። አቶ ይርዳው ቢሮው መስኮት ላይ ቆሞ ያያል።

በኩራት ለባሻ ተገኝ ጻፍሁላቸው፤ ይህን ግትር ልማድ በሁለት ሳምንት ገደልሁት ብዬ። መልሳቸው ሁለት መስመር ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ። የታመምሽ ቀንስ?» ይላል። ቅናት መሰለኝ። ወረቀቱን ከጥልፌ ክር ጋር አንድ ላይ ወረወርሁት።

አልታመምሁም። በውድድሩ ቀን ደህና ነበርሁ።

የአውራጃው ገዢ፣ ባለቤታቸው፣ ካህናቱ፣ ባላባቱ ሁሉ ተጠርተዋል። ሜዳው ዳር ትልቅ ዳስ ተጥሏል። ዝላዩ ጠዋት እንዲሆን ለምኜ ነበር፤ አቶ ይርዳው እንግዶቹ በልተው ጠጥተው ሲረኩ ቢያዩት ይሻላል ብሎ ከምሳ በኋላ አደረገው። እሱንም ቻልሁት። ከምሳ በኋላ ወደ ሜዳው ስሄድ መንገድ ላይ አገኘኝ።

«አስካለ፣ አንቺ ዳሱ ውስጥ ከወይዘሮዎቹ ጋር ተቀመጪ። የገዢው ባለቤት የሚያጫውታቸው አጡ።»

«ሙላት ሲዘልስ?»

«ሙላት እግር አለው፤ ይዘላል።»

«እኔ ጭዱ አጠገብ መቆም አለብኝ። ልቀቅ የምለው እኔ ነኝ።»

«ገዢው ባሉበት፣ ካህናቱ ባሉበት፣ ሴት በወንድ ላይ ስትጮህ? አታዋርጂን እህቴ። እሷንማ እኔም እላታለሁ።»

«ጊዜዋን አያውቋትም ጌታዬ።»

«አንድ ቃል ናት» አለኝ። «ስንት ጊዜ በመስኮት ሰምቻታለሁ።»

እዚህ ላይ ማለት የነበረብኝን አውቃለሁ። ዛሬ አይዘልም ማለት ነበረብኝ። ሙላትንም ጠርቼ አትዝለል ማለት ነበረብኝ። ያደረግሁት ግን ሌላ ነው። ሙላት ጋ ሄጄ «ዛሬ ልቀቅ የሚሉህ አቶ ይርዳው ናቸው» አልሁት። ገዢውን እያየ፣ «እሺ እትዬ» አለ። ከዚያ ዳሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ።

ወንዶቹ ሜዳው ዳር ወጥተዋል፤ ዳሱ ከፊት ለፊቱ በጋቢ ተጋርዷል፤ ለነፋሱ ነው። ሜዳው አይታይም። የገዢው ባለቤት ደግ ሴት ነበሩ፣ አይወቀሱም። «ልጄ፣ አልበላሽም እኮ፤ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ይሉኛል። እኔ እንደ ባሻ ዓይኔን ጨፈንሁ። የሙላት መንደርደሪያ አሥራ ስድስት እርምጃ ነው። ሲነሳ ሰማሁት። ነፋሱ ከጀርባው ነበር፣ እርምጃው ፈጠን አለ፣ ግን አልረዘመም፤ ጥሩ ነው አልሁ በልቤ። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። ቀርከሃው ገንዳውን መታ፣ «ቋ» አለ። ከዚህ በኋላ በልቤ ሦስት እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ነው ቃሏ የምትወጣው። ገና አንድ ሳልል «ልቀቅ!» የሚል የወንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ደማቅ፣ ለገዢውም እንዲሰማ የታሰበ።

የጭድ ድምፅ አልመጣም። የመሬት ድምፅ ነው የመጣው።

ሙላት ታዟልና ለቀቀ። ገና ከመሬት እንደተነሳ፣ ጭዱ ጋ ሳይደርስ፣ ገንዳው አጠገብ በቀኝ ጉልበቱ ወደቀ። ወጌሻ ተጠራ፣ አሸው፣ አሠረው። ጉልበቱ ግን ተጣሞ ገጠመ። በማግስቱ አያ ደሴ መጡ። አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ገንዳው አጠገብ ቆመው ጭዱን ሲያዩ ቆዩ።

«እመቤቴ፣ አሁንስ ማዶው ላይ ምን ነበር?» አሉኝ።

አቶ ይርዳው በሳምንቱ ሪፖርቱን ጻፈ። ለተማሪው ጉዳት ምክንያቱ አሠልጣኟ በውድድር ሰዓት ከቦታዋ ተለይታ ዳስ ውስጥ ተቀምጣ መገኘቷ ነው ይላል። ቢሮው ገብቼ «ያስቀመጡኝ እርስዎ አይደሉም?» ስለው፣ «አሁን ይህን ብጽፈው ለማን ይጠቅማል?» አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ። እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ ይህ ነው፤ ሰውዬው ክፉ መስሎ እንኳ አልታየኝም።

ወገዳ ስማዳ ውስጥ ነው፤ በዚያ ጊዜ በበቅሎ ሁለት ቀን ይፈጃል። አራት ዓመት ባልትና አስተማርሁ። ቀርከሃ አልነበረም፣ ሜዳው ተዳፋት ነው፣ ማንም ስለ ዝላይ አልጠየቀኝም። ስለዚያ ጊዜ ብዙ የምለው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ አየሁ። በክረምት ከአንድ ሰፈር ስመለስ ወንዝ ሞልቶ በቅሎዬ አልሻገር አለች። አምስት ሰዎች ከገበያ ሲመለሱ ደረሱ። የሚበቃ ረጅም ዱላ ያለው አንዱ ብቻ ነው። እሱ ዱላውን መሀል ወንዙ ላይ ተክሎ ተወርውሮ ተሻገረ፤ እግሩ ማዶውን ሲረግጥ ዱላውን ወደ ኋላ ወረወረው። ሁለተኛው ቀለበው፣ ተሻገረ፣ ወረወረው። ሦስተኛው እንዲሁ። አምስቱም ሲሻገሩ በቅሎዬ ላይ ሆኜ አየሁ። የዱላው ባለቤት ማዶ ሆኖ፣

«እመቤቴ፣ ምነው እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ይቆጥሩናል?» አለኝ።

«ዱላህን ስትጥል አላፈርህም?» አልሁት።

«መቼ ጣልሁት? ሰጠሁት እንጂ» አለ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ።

እዚያው ወንዙ ዳር ለሙላት አለቀስሁ። አራት ዓመት ዘግይቼ ነው የገባኝ። እነዚህ ሰዎች ዱላ አይጥሉም፤ የሚቀበል ካለ ግን ይሰጣሉ።

ከዚያ ወደ መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ ተዛወርሁ። እዚያ የነበሩት ዳይሬክተር ሽማግሌ ናቸው፣ ተማሪ እስካልሞተ ድረስ የምሠራው አይገዳቸውም ነበር። ቀርከሃ አስመጣሁ፣ ጭድ አስከመርሁ። ፈንታሁን የሚባል ተማሪ ነበረኝ፤ ገንዳው አጠገብ፣ በመንደርደሪያው በኩል፣ ጓደኛውን አቆምሁለት። «አንተ ስታልፍ ቀርከሃውን ለእሱ ትመልሳለህ፤ እሱ ይቀበልሃል» አልሁት። በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው ዝላይ መለሰ። ጓደኛው ቀለበው። ሁለቱም ምንም የተለየ ነገር እንዳደረጉ አልገባቸውም። አንድ ወር ሳይሞላ ሙላት ያለፈውን ከፍታ አለፈ፤ በዓመቱ ደብረ ታቦር ላይ አሸነፈ።

ይህን ሰምቶ አቶ ይርዳው መጣ። አሁን ተቆጣጣሪ ሆኗል፤ ደብተር ይዞ በየትምህርት ቤቱ ይዞራል። ልጁ ሲዘል ሁለት ጊዜ አየ።

«እንዴት አስለቀቅሽው?»

«አላስለቀቅሁትም። እየሰጠ ነው።»

ጻፈ። ከዚያ ደብተሩን ዘግቶ፣ «ይህን ያኔ ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ባልተጎዳ ነበር» አለኝ።

ያን ዕለት አቤቱታ ልጽፍ ቁርጥ አደረግሁ። ሁሉንም ጻፍሁ፤ ማን ዳሱ ውስጥ እንዳስቀመጠኝ፣ ምን እንዳለኝ፣ ልቀቅ ያለው ማን እንደሆነ። የሚቀረኝ ምስክር ነው። ሙላትን ፍለጋ ንፋስ መውጫ ሰው ብልክ፣ መልሱ እዚያው መካነ ኢየሱስ፣ ገበያው ዳር ልብስ ይሰፋል የሚል መጣ። ዓመት ሊሞላው ነው አሉ። ከቤቴ ያን ያህል አይርቅም።

በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ያዞራል። ቀኝ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶታል። ቀና ሳይል፣

«እትዬ አስካለ» አለ። «እርምጃዎን አውቄዋለሁ።»

«እዚህ መኖርህን ለምን አልነገርኸኝም?»

«ምን ልበል ብዬ?»

አቤቱታውን ሰጠሁት። ክሩን ቆርጦ፣ እጁን ጠርጎ፣ ቀስ ብሎ አነበበ።

«ሁሉም እውነት ነው» አለ።

«እንግዲያው ፈርም።»

«ጎደለ እንጂ።»

«ምኑ?»

«እኔ ራሴ አንድም ቀን ለቅቄ አላውቅም። እርስዎ ሲሉኝ ለቀቅሁ፣ እሳቸው ሲሉኝ ለቀቅሁ። መች እንደሚለቀቅ እጄ አያውቀውም ነበር።»

«የማን ድምፅ እንደሆነ አልለየህም?»

«አየር ላይ ድምፅ ሁሉ አንድ ነው እትዬ። ያስለመዱኝ ድምፅ ነው።» ወረቀቱን መለሰልኝ። «ይህንንም ይጻፉትና እፈርማለሁ።»

«በራሴ ላይ ልጻፍ?»

«እኔ ላይ ደርሶ የለም?» አለ። ከዚያ መኪናውን ማዞር ጀመረ። «ደግሞ አሁንም ይጮኻሉ።»

«ማን? እኔ?»

«‹ስጠው! ስጠው!› ሲሉ እዚህ ድረስ ይሰማል። ጌሾ የሚሸጡት ሴቶች ‹ያቺ መምህርት በየቀኑ ስጠው የምትለው ምን ቀምቷት ነው?› ይላሉ። እኔ አልነገርኋቸውም።»

ወረቀቴን አጥፌ ሄድሁ። ተናድጄ ነበር። አንድ እግሩ የተጣመመ ልብስ ሰፊ ሥራዬን ሊያስተምረኝ ነው ወይ አልሁ። በማግስቱ ልምምድ ላይ ራሴን ሰማሁት። ፈንታሁን ተነሳ፣ እግሩ ወጣ፣ እኔም «ስጠው!» አልሁ። ደግሜ አልሁ። ሦስተኛ አልሁ። ሦስቴ ከሆነ ልማድ ነው። ዘዴውን ለውጬ አፌን አልለወጥሁም ነበር። ያኔ ነው የባሻ ሁለት መስመር ትዝ ያለኝ። ወረቀቱ የለኝም፣ ጥዬዋለሁ። ሽማግሌውም ሞተዋል።

አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሁለተኛውን አንቀጽ ጻፍሁ። ተማሪው በራሱ ስሜት ሳይሆን በእኔ ድምፅ ብቻ እንዲለቅ አድርጌ ያሠለጠንሁት እኔ ነኝ፤ ይህም ጉድለት የእኔ ነው ብዬ። ሙላት ፈረመ፤ ፊርማው ያማረ ነው። አቤቱታውን ለአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ላክሁ።

መልሱ ከስድስት ወር በኋላ መጣ። የመጀመሪያውን አንቀጽ አይጠቅስም። «አመልካቿ በሁለተኛው አንቀጽ ጥፋቷን በገዛ እጇ ያመነች ስለሆነ ቀድሞ የተሰጠው ውሳኔ ጸንቷል» ይላል። ከሥሩ ያለው የአቶ ይርዳው ፊርማ ነው።

ደብዳቤውን ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አንድ ቁና ሽምብራ ገዛሁ። ሙላት በረንዳው ላይ ሆኖ አየኝ፤ አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ፣ እኔም አደረግሁለት። ሽምብራውን ቆላሁት። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ፈንታሁን ቀርከሃውን ይዞ ሲነሳ ዓይኔን ጨፈንሁ፣ እርምጃውን ቆጠርሁ፣ ሊተክል ሲቃረብ አንድ ጭብጥ ቆሎ አፌ ውስጥ ጨመርሁ። አልመለሰውም፤ ከነቀርከሃው ወረደ። አኘክሁ። በሁለተኛውም ይዞት ወረደ፤ አኘክሁ። በአራተኛው ቀን መለሰው።